የፌዴሬሽን ምክር ቤት የአንድ ቀን ውሎና ለወለጋ ከተሞች ያለው ትርጉም

የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም ባካሄደው ስብሰባ፣ በኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ምክንያት በወቅቱ ሊካሄድ ያልቻለውን 6ኛውን ጠቅላላ ምርጫ በሚመለከት የቀረበለትን የሕገ መንግሥት ትርጉም የውሳኔ ሐሳብ በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ አጽድቋል። በውሳኔው መሠረት ወረርሽኙ የሕዝብ ጤና ስጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ ምርጫው እንዲካሄድ፣ እስከዚያው ድረስም የፌዴራልና የክልል ምክር ቤቶች ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ተደርጓል። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሚሠሩ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የዚያ ቀን ድምፅ የሩቅ ጉዳይ አልነበረም። የክልሉን በጀት የሚያጸድቀው ጨፌ ኦሮሚያ ከመስከረም 2013 በኋላ በምን ሥልጣን እንደሚሰበሰብ የተወሰነው በዚያ አዳራሽ ነበር።

ጉዳዩ ወደ ምክር ቤቱ የደረሰበት ቅደም ተከተል የሚታወስ ነው። ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም ተቀጥሮ የነበረውን ምርጫ በቀኑ ማካሄድ እንደማይችል ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ያስታወቀው በመጋቢት ወር ነበር። በወለጋ ዞኖች ለወራት ተቋርጦ የቆየው የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት የተመለሰውም በዚያው ሰሞን በመሆኑ፣ የአካባቢው ነዋሪ የወረርሽኙንም የምርጫውንም ዜና በአንድ ጊዜ ለመከታተል ተገድዷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 27 ቀን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54፣ 58 እና 93 እንዲተረጎሙ ጥያቄውን አቀረበ። በወቅቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በነበሩት በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የሚመራው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በግንቦት ወር የሕግ ባለሙያዎችን አስተያየት በቴሌቪዥን በተላለፈ መድረክ ሰማ፤ ከዚያም የውሳኔ ሐሳቡን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አቀረበ።

ስብሰባው ከመካሄዱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ሂደቱ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው በማለት ኃላፊነታቸውን በፈቃዳቸው ለቀዋል። ምክር ቤቱ በዚሁ ስብሰባ አቶ አደም ፋራህን አፈ ጉባኤ አድርጎ መርጧል። በአንድ ቀን ውሎ የአፈ ጉባኤ ለውጥና የምርጫ ዘመን ማራዘም አብረው መምጣታቸው በምክር ቤቱ ታሪክ ያልተለመደ ነበር።

እዚህ ላይ የምክር ቤቱ አወቃቀር ግልጽ ሊሆን ይገባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት በብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የሚላኩ አባላት የሚገኙበት ነው። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኖረዋል፤ ከዚህ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተወካይ ይጨመራል። አባላቱን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ሲሆኑ፣ ራሳቸው መምረጥ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ማድረግ ይችላሉ። በተግባር የተለመደው የመጀመሪያው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለወለጋ ሠራተኛ ቀላል አይደለም። ምሥራቅ ወለጋ፣ ምዕራብ ወለጋ፣ ቄለም ወለጋና ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች እንደ ዞን፣ ነቀምቴም እንደ ከተማ በዚህ ምክር ቤት መቀመጫ የላቸውም። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የየምርጫ ክልላቸው ተመራጭ አላቸው፤ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን የሚወከሉት በብሔራቸው ነው። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የኦሮሞ ሕዝብ ብዛት ከ25 ሚሊዮን በላይ በመሆኑ፣ ስሌቱ ለብሔሩ ከማንም የበለጠ መቀመጫ ይሰጣል። እነዚህን መቀመጫዎች የሚሞላው ጨፌው ነው። ከመቀመጫዎቹ ስንቱ ከወለጋ በሚመጡ ሰዎች እንደሚያዝ ሕጉ አንዳች የሚለው የለም።

በወለጋ የማኦ ብሔረሰብ ጉዳይ ይህን ይበልጥ ያሳያል። የማኦ ማኅበረሰብ አባላት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ብቻ ሳይሆን በምዕራብ ወለጋ ቤጊ አካባቢና በቄለም ወለጋም ይኖራሉ። ብዛታቸው አነስተኛ ቢሆንም ሕገ መንግሥቱ ቢያንስ አንድ መቀመጫ ያረጋግጥላቸዋል። ማኦ ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከሺናሻና ከኮሞ ጋር የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነባር ብሔረሰብ ተብሎ በክልሉ ሕገ መንግሥት የተጠቀሰ በመሆኑ ተወካዩ የሚመረጠው አሶሳ ላይ ነው። በቤጊ የሚኖር የማኦ ተወላጅ ግብር የሚከፍለው ለኦሮሚያ፣ በላይኛው ምክር ቤት የሚወከለው ደግሞ በሌላ ክልል ምክር ቤት በተመረጠ ሰው ነው። የሕጉ ዓላማ ብሔረሰቡን መወከል ነውና ይህ ስሕተት አይባልም፤ ነገር ግን የቤጊ ወረዳ ሠራተኛ የማኅበረሰቡን ጥያቄ ለማን ማድረስ እንዳለበት ሲያስብ ሊያስታውሰው የሚገባ ነው።

ኢትዮጵያ የላይኛ ምክር ቤት ስታቋቁም ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1923 ዓ.ም ሕገ መንግሥት የተቋቋመው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላቱ በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ መኳንንትና ባለሥልጣናት ነበሩ፤ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የታችኛውን ምክር ቤት በሕዝብ ምርጫ ሲያደርግ የላይኛውን በሹመት አቆየው። ያ ምክር ቤት ከ1967ቱ የሥርዓት ለውጥ ጋር አከተመ። በሕግ ማውጣት ይሳተፍ ከነበረው ከዚያ ምክር ቤት በተለየ፣ የዛሬው የፌዴሬሽን ምክር ቤት መደበኛ ሕግ አያወጣም፤ ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ ገቢና ድጎማ ያከፋፍላል፣ በክልሎች መካከል የሚነሳ አለመግባባት መፍትሔ እንዲያገኝ ይሠራል።

ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጋር በጋራ ሲሰበሰብ ደግሞ ፕሬዚዳንት ይመርጣል። በዚህ የጋራ ስብሰባ ከተመረጡት መካከል ሁለቱ የወለጋ ተወላጆች ናቸው፦ በነሐሴ 1987 ዓ.ም የተመረጡት የደምቢ ዶሎው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳና በመስከረም 2006 ዓ.ም የተመረጡት የአርጆው ዶክተር ሙላቱ ተሾመ። ዶክተር ሙላቱ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1990ዎቹ አጋማሽ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነው አገልግለዋል።

ምክር ቤቱ ለወለጋ ጎረቤት በሆነው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጉዳይ ታዋቂ ውሳኔ ያሳለፈውም በእሳቸው የአፈ ጉባኤነት ዘመን፣ በመጋቢት 1995 ዓ.ም ነው። በ1992ቱ ምርጫ የበርታን ቋንቋ አያውቁም በሚል ከእጩነት የተሰረዙ ሰዎች ነበሩ። በክልሉ የሚኖሩ የአማራ፣ የኦሮሞ፣ የትግራይና ሌሎች ተወላጆች ቅሬታቸውን ለምክር ቤቱ አቀረቡ። ጉዳዩ በአጣሪ ጉባኤው ታይቶ ወደ ምክር ቤቱ ሲመለስ፣ ከእጩ ሊጠየቅ የሚችለው የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ እንጂ የምርጫ ክልሉን ብሔረሰብ ቋንቋ ማወቅ አይደለም የሚል ትርጉም ተሰጠ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ የቦርዱ ክልከላ ተቀባይነት አላገኘም። ውሳኔው ሁለት ጎን አለው። በአሶሳ እጩ ለመሆን የሚፈልገውን የኦሮሞ ተወላጅ ይጠቅማል፤ በነቀምቴ እጩ ለመሆን የሚፈልግ ሌላ ዜጋ ግን የክልሉን የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞን እንዲያውቅ ሊጠየቅ እንደሚችል ያመለክታል።

ለወለጋ ከሁሉም የከበደው የወሰን ጉዳይ ነው። የቀድሞው የወለጋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማው ነቀምቴ ሆኖ የነቀምቴን፣ የጊምቢን፣ የቄለምን፣ የሆሮ ጉዱሩን፣ የአርጆንና የአሶሳን አውራጃዎች ያካተተ ነበር። አሶሳ ከወለጋ ተለይታ ራሷን የቻለች አስተዳደር የሆነችው በ1980 ዓ.ም በወጣው የአስተዳደር አከላለል ነው። በሽግግሩ ዘመን በአዋጅ ቁጥር 7/1984 ክልል 4 እና ክልል 6 ሲዋቀሩ በቀድሞው ክፍለ ሀገር ውስጥ የክልል ወሰን ተሰመረ። አንድ የነቀምቴ ነጋዴ በአንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ ይጓዝበት የነበረው የጊምቢ፣ የነጆ፣ የመንዲና የባምባሲ መንገድ ዛሬ ሁለት ክልሎችን ያገናኛል። የካማሺ ዞን ነዋሪ ወደ ክልሉ ርዕሰ ከተማ ወደ አሶሳ ሲሄድ የሚያልፈው በምዕራብ ወለጋ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ካማሺ ከራሱ ክልል ዋና ከተማ ይቆረጣል፤ ነቀምቴና ጊምቢም ገበያቸውን ያጣሉ።

በግንቦት 2000 ዓ.ም በምሥራቅ ወለጋ ወሰን አካባቢ በተነሳ ግጭት የብዙ ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል። ከዚያ የከፋው በመስከረም 2011 ዓ.ም የደረሰው ነው። የካማሺ ዞን ኃላፊዎች የነበሩ አራት ሰዎች ከጸጥታ ውይይት ሲመለሱ በወሰኑ አካባቢ ተገደሉ። በተከተለው ግጭት ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ ነቀምቴን ጨምሮ የምሥራቅና የምዕራብ ወለጋ ከተሞች ተፈናቃዮችን በትምህርት ቤቶችና በሕዝብ አዳራሾች ጭምር ተቀበሉ። የተፈናቃዮቹን ዝርዝር መመዝገብ፣ እህልና ብርድ ልብስ ማከፋፈል፣ ልጆችን ትምህርት ቤት ማስገባት የወደቀው በወረዳና በከተማ ሠራተኞች ትከሻ ላይ ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለምን ወዲያው አይወስንም የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ነው። አንቀጽ 48 የክልሎች ወሰን ጥያቄ በመጀመሪያ በሚመለከታቸው ክልሎች ስምምነት እንዲፈጸም ያዛል። ክልሎቹ መስማማት ካልቻሉ ብቻ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት በማድረግ ይወስናል፤ ለዚህም ጉዳዩ ከቀረበለት ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ጊዜ ተሰጥቶታል። የጉዳዩ ባለቤቶች ክልሎቹ እንጂ ዞኖቹ ወይም ወረዳዎቹ አይደሉም። የሳሲጋ ወረዳ ወይም የካማሺ ዞን ደብዳቤ፣ ይዘቱ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ በራሱ የወሰን ክርክር አይከፍትም።

ሌላው በር አንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 6 ነው። ይህ ድንጋጌ በክልሎች መካከል ለሚነሱ አለመግባባቶች መፍትሔ የመፈለግን ኃላፊነት ለምክር ቤቱ ይሰጣል። ክርክር እስኪቀርብ መጠበቅ ሳያስፈልግ ማሸማገል ይቻላል ማለት ነው። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት በወለጋና በካማሺ መካከል ለተነሳው ችግር የበለጠ የሚስማማው ይህ በር ነበር፤ ምክንያቱም ችግሩ የመስመር መሰመር ብቻ ሳይሆን የመንገድ፣ የእርሻ መሬትና የሰው ደኅንነት ጥያቄ ነው። በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል በጥቅምት 1997 ዓ.ም ከ420 በሚበልጡ ቀበሌዎች የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ምን እንዳስከተለ ማስታወስ ይጠቅማል። አብዛኞቹ ቀበሌዎች ወደ ኦሮሚያ መሆንን መርጠዋል፤ ሆኖም በ2009 እና በ2010 ዓ.ም በሁለቱ ክልሎች ወሰን የደረሰውን ግጭትና መፈናቀል ድምፅ መስጠቱ አላስቀረም።

በ2011 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1101 የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን ሲቋቋም፣ ሥልጣኑ የፌዴሬሽን ምክር ቤትን ሥልጣን ይነካል የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ኮሚሽኑ አጥንቶ የመፍትሔ ሐሳብ የሚያቀርብ እንጂ የሚወስን አካል አልነበረም። የመጨረሻው የመወሰን ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ የተቀመጠበት ቦታ አልተለወጠም።

ከወሰን ቀጥሎ የከተሞችን ኪስ የሚነካው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ምክር ቤቱ የፌዴራል መንግሥቱ ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማና የጋራ ገቢዎች የሚከፋፈሉበትን ቀመር ይወስናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሥራ ላይ በነበረው ቀመር የሕዝብ ብዛት 65 በመቶ፣ የልማት ደረጃ 25 በመቶ፣ ገቢ የመሰብሰብ ጥረት 10 በመቶ ክብደት ነበራቸው። ከዚያ በኋላ አሠራሩ በክልሎች የወጪ ፍላጎትና ገቢ የማመንጨት አቅም መካከል ያለውን ክፍተት ወደ መለካት ተሸጋግሯል። በሁለቱም ስሌቶች የሕዝብ ቁጥር ዋና መነሻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ቢያዝም የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው። በዚያ ቆጠራ የነቀምቴ ነዋሪ 75,219 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከገጠር የሚፈልሰው ሕዝብ በዝቷል፣ በ2011 እና ከዚያም በኋላ የተፈናቀሉ ሰዎች ገብተውባታል። ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ሰኔ 3 ቀን 2011 ዓ.ም በጋራ ተሰብስበው ቆጠራውን በድጋሚ ሲያራዝሙ ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል የጸጥታ ሁኔታና መፈናቀል ይገኙበታል። መፈናቀሉ ቆጠራውን አስቀረ፤ ቆጠራው በመቅረቱም ተፈናቃዮችን የተቀበሉ ከተሞች ፍላጎት በትክክለኛ ቁጥር ሳይደገፍ ቀረ።

የድጎማው ገንዘብ ወደ ነቀምቴ የሚደርሰው በቀጥታ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። ምክር ቤቱ የሚወስነው የክልሉን ድርሻ ነው። ከዚያ በታች ለዞኖች፣ ለወረዳዎችና ለከተሞች የሚደረገው ክፍፍል በክልሉ የራሱ ቀመር የሚከናወን ሲሆን፣ ስለዚያ የሚቀርብ ቅሬታ የጨፌውና የክልሉ ፋይናንስ ቢሮ ጉዳይ ነው። የከተማ አስተዳደሮች ይህን ሳይለዩ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩት አቤቱታ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

በማዕድን በኩል ያለው ጥያቄ ደግሞ ገና ወደፊት የሚገፋ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 መሠረት ከከፍተኛ የማዕድን ሥራዎች የሚገኝ የገቢ ግብርና የሮያሊቲ ክፍያ የፌዴራሉና የክልሎች የጋራ ገቢ ነው፤ አከፋፈሉን የሚወስነውም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በምዕራብ ወለጋ የዩብዶ ፕላቲኒየም ከብዙ አሥርት ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ የቱሉ ካፒ የወርቅ ክምችትም ለዓመታት ለልማት ሲዘጋጅ ቆይቷል። ማዕድኑ በሚወጣበት ወረዳ ያለ ሠራተኛ የገቢውን ድርሻ ሲጠይቅ በመጀመሪያ ሥራው በሕግ ከፍተኛ ወይስ አነስተኛ ተብሎ እንደተመደበ ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ ባህላዊና አነስተኛ የማዕድን ሥራ በዚህ ድንጋጌ አይሸፈንምና።

የወለጋ ገዥዎች ከማዕከሉ ጋር የገንዘብ ድርሻ ሲደራደሩ ግን የዛሬ አይደለም። የለቃ ነቀምቴው ኩምሳ ሞሮዳና የለቃ ቄለሙ ጆቴ ቱሉ በአፄ ምኒልክ ዘመን ቁርጥ ግብር እየከፈሉ ግዛታቸውን ራሳቸው ያስተዳድሩ ነበር። የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት በነቀምቴ ይገኛል።

ለግለሰብ ዜጋ ያለው በር ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። መብቴ ሕገ መንግሥቱን በሚቃረን ሕግ ወይም ውሳኔ ተነካ የሚል ሰው አቤቱታውን የሚያቀርበው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ጉባኤው 11 አባላት አሉት፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅራቢነት በፕሬዚዳንቱ የሚሾሙ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከአባላቱ የሚወክላቸው ሦስት ሰዎች። ጉባኤው ትርጉም ያስፈልጋል ብሎ ካመነ የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ይልካል፤ ምክር ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ መወሰን ይጠበቅበታል። ትርጉም አያስፈልግም ካለ አቤት ባዩ ቅር ከተሰኘ ይግባኙን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ማቅረብ ይችላል። የጉባኤው አሠራር በአዋጅ ቁጥር 798/2005፣ የምክር ቤቱ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1261/2013 የተደነገገ ሲሆን፣ በብዙ ቢሮዎች መደርደሪያ ላይ የሚገኙት የ1993ቱ አዋጆች ቁጥር 250 እና 251 በእነዚህ የተተኩ ናቸው።

በስብሰባ ቀን ምክር ቤቱ ሥራውን የሚጀምረው ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ሲገኙ ነው። ውሳኔ የሚያልፈው ከተገኙት መካከል በአብላጫ ድምፅ ሲሆን፣ አባል በአካል ካልተገኘ ድምፅ መስጠት አይችልም። ምክር ቤቱ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚሰበሰብ በመሆኑ፣ ከአንድ ስብሰባ አጀንዳ ያለፈ ጉዳይ ወራት ሊቆይ ይችላል። ለአንድ የወሰን ወይም የድጎማ ጥያቄ የሰነድ ዝግጅት ጊዜ ሲታሰብ ይህ መታወቅ አለበት።

ሰኔ 3 ቀን 2012 የተሰጠው ውሳኔ ፍጻሜ ያገኘው በቀጣዩ ዓመት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጤና ሚኒስቴርን ሪፖርት ተቀብሎ ምርጫው እንዲካሄድ በመስከረም 2013 ዓ.ም ወሰነ፤ ድምፅ የተሰጠውም ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም ነው። በወለጋ ዞኖች በሚገኙ የተወሰኑ የምርጫ ክልሎች ግን በጸጥታ ችግር ምክንያት በዚያ ቀን ድምፅ አልተሰጠም። የአዲሱ የሥራ ዘመን የፌዴሬሽን ምክር ቤት መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም ተመሥርቶ አቶ አገኘሁ ተሻገርን አፈ ጉባኤ አድርጎ ሲመርጥ፣ ወደዚያ አዳራሽ የሚላኩትን የኦሮሞ ሕዝብ ተወካዮች የመረጠው ጨፌ ከእነዚያ የምርጫ ክልሎች የመጣ ተመራጭ አልነበረውም።